መርዶ ይዞ ባሕር መሻገር

ረቡዕ ጠዋት ከካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ ስንነሣ መኪናው ውስጥ እኔና ልጄ ሐናን ብቻ ነበርን። የምንሄደው ካናዳ፣ ቪክቶሪያ ወደምትባል የደሴት ከተማ ነው። ታናሽ እኅቴ ዘይነባ እዚያ ትኖራለች። ሰኞ ዕለት ታላቅ ወንድማችን ጋሼ ሰይድ ኮምቦልቻ ዐርፎ ያንኑ ዕለት ተቀብሯል። ዘይነባ አልሰማችም። እኔ እስክደርስ ማንም እንዳይደውልላት ዘመዶቹን ሁሉ ለምኛለሁ።

በስልክ ለምን አልነገርሻትም የሚለኝ ይኖራል። አባታችን ሲሞት እኔ በስልክ ነው የሰማሁት፤ ሳን ሆዜ፣ ከሥራ ስመለስ፣ አውቶቡስ ውስጥ። አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ቦርሳዋን አንሥታ ሌላ ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አልጽፍም። ጋሼ ሰይድ ደግሞ ለዘይነባ ወንድም ብቻ አልነበረም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ያሳደጋት እሱ ነው። የእሷ መርዶ እንደ ደንቡ ይሁን አልኩ፦ ጎሕ ሲቀድ፣ ቤቷ ድረስ፣ ሰው ይዘን ሄደን።

በአውሮፕላን ቢሆን በአንድ ቀን እንደርስ ነበር። ነገር ግን ቀኝ ጆሮዬን ኦፕራሲዮን ከሆንኩ ብዙ አልቆየሁምና ሐኪሜ አውሮፕላን ከልክላኛለች። ሐናን ሚልፒታስ ካለው ሥራዋ ፈቃድ ወስዳ፣ «እኔ እነዳለሁ» አለች።

የትኛው ጀልባ?

እዚያው ኦክላንድ፣ ቴሌግራፍ አቬኑ ከሚባለው ጎዳና የገዛነው ሳምቡሳ ሬዲንግ ከተማ ሳንደርስ አለቀ። ከቤት የያዝነው በሶ ግን እስከ ካናዳ አደረሰን። በረዶ የለበሰው የሻስታ ተራራ ለረጅም ጊዜ በቀኛችን አብሮን ሄደ። ኦሪገን ስንገባ ቤንዚን ረከሰልን፤ ዝናብም ተቀበለን። ማታ ዩጂን ከተማ፣ መንገድ ዳር ያለ ሞቴል ውስጥ ሐናን ስልኳን ከፍታ አልጋው ላይ ተቀመጠች።

«እማ፣ ሁለት ኦፕሽን አለ። ከፖርት አንጀለስ ብንሻገር አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ ዳይሬክት ቪክቶሪያ መሀል ከተማ ያወርደናል። ሌላው ድንበሩን በመኪና አልፈን፣ በቫንኩቨር በኩል ዞረን በሌላ ጀልባ ነው። እሱ ረጅም ነው። ፖርት አንጀለስን ቡክ ላድርግ?»

«ስንት ሰዓት ላይ ያወርደናል?»

«ከሰዓት በኋላ።»

«አክስትሽ የት ነው የምትሠራው?»

ሐናን ቀና ብላ አየችኝ። ዘይነባ ቪክቶሪያ ወደብ ፊት ለፊት ባለ ሆቴል ክፍል ታጸዳለች፣ አልጋ ታነጥፋለች። መጋረጃ ስትገልጥ ከአሜሪካ የሚመጣው ጀልባ እንደሚታያት ራሷ ነግራኛለች። የረጅሙ መንገድ ጀልባ ግን ከከተማው ርቆ፣ በስተሰሜን ነው የሚያወርደው። እዚያው ዐድረን ከንጋት በፊት መግባት እንችላለን።

«እንደ ኮንትሮባንድ ነጋዴ ተደብቀን ልንገባ ነው በይኛ!» አለች ሐናን። ከሰኞ ወዲህ የሳቅኩት ያኔ ነው። ረጅሙን መረጥን።

ድንበሩ

ሐሙስን ሙሉ በዝናብ ነዳን። ሲያትልን ያለፍነው መኪና ተጨናንቆ በእግር ያህል እየተጓዝን ነው። ድንበሩ አጠገብ ዐድረን ዓርብ ረፋድ ላይ ወደ ኬላው ቀረብን። ወጣቱ ፖሊስ ፓስፖርታችንን አገላብጦ ማን ዘንድ እንደምንሄድ ጠየቀ።

«እኅቴ ዘንድ» አልኩት።

«እንደምትመጪ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«ሰርፕራይዝ ነዋ!» ብሎ ፈገግ አለ። ፓስፖርቱን መለሰልን። ሐናን መስኮቱን ዘግታ ነዳች።

መርከቡ ላይ

ጀልባ ይሉታል እንጂ ትልቅ መርከብ ነው። ለሁለታችንና ለመኪናው የከፈልነው ከመቶ የካናዳ ዶላር ትንሽ ከፍ ይላል። ብርቱካንማ ሰደርያ የለበሰ ሠራተኛ በእጁ እየመራ ከመርከቡ ሆድ አስገባን። በደረጃ ወጥተን መስኮት አጠገብ ተቀመጥን። ሰዉ የድንች ጥብስ ይበላል፤ ልጆች ይሯሯጣሉ። በጥድ የተሸፈኑ ደሴቶች እጅ ቢዘረጉ የሚነኩ እስኪመስሉ ቀረቡን።

ስልኬ ጮኸ። ዘይነባ ነበረች። ዓርብ ዓርብ ትደውላለች፤ ይህን ረስቼው ነበር። ባላነሣው ትጨነቃለች ብዬ አነሣሁት።

«እትዬ፣ ጆሮሽ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ።»

መርከቡ በሁለት ደሴቶች መካከል ወዳለ ጠባብ መተላለፊያ ሲገባ ጡሩምባውን ነፋ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች።

«የአላሜዳ ጀልባ ነው። ውሃው ዳር ወጥቼ ነው» አልኳት፤ አላሜዳ ከኦክላንድ ማዶ ያለች ደሴት ናት።

ይህን ተናግሬ ሳልጨርስ ድምፅ ማጉያው ተከፈተና የምንደርስበትን ወደብ ስም ጠራ። ስልኩን በእጄ ሸፈንኩት።

«እሺ እትዬ» አለች ዘይነባ። «ውሃ ዳር ይበርዳል፤ ልበሺ።» ዘጋችው።

«ሰማች?» አለች ሐናን።

«የሰማች አልመሰለኝም» አልኳት። እንዲያ እንዲሆን ፈልጌ ነው።

ቅዳሜ ንጋት

ሱብሂ ሰግደን ከሞቴላችን ወጣን። የዘይነባ ጎረቤት ወይዘሮ አልማዝና ባለቤቷ መንገዱ ጥግ ላይ ይጠብቁናል። አልማዝ ጴንጤ ናት፤ ከዘይነባ ጋር እንደ እኅት ናቸው። ከቪክቶሪያ ሰው ነገሩን የነገርኩት ለእሷ ብቻ ነው።

«እትዬ ፋጡማ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለችኝ አቅፋ። «ማታ አንኳኩቼባት ነበር። ደክሞኛል ብላ በሩን አልከፈተችልኝም።»

አራታችን ተከታትለን ደረጃውን ወጣን። እጄን ለማንኳኳት ሳነሣ በሩ ተከፈተ። ዘይነባ ጥቁር ለብሳለች። ከኋላዋ ሶፋው ግድግዳ ተጠግቷል፣ ፍራሽ መሬት ላይ ተነጥፏል፣ ወንበሮች ተደርድረዋል። የለቅሶ ቤቱን አሰናድታ ጨርሳለች።

እኔን አላየችኝም። ሐናንን በሁለት እጇ ፊቷን ይዛ፣ «አንቺ አለሽ» አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ማን ነው?»

«ጋሼ ሰይድ» አልኳት።

ለቅሶዋን አልጽፍም።

ፀሐይ ከወጣ በኋላ ፍራሹ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሳለ በደህናው ጆሮዬ በኩል ተጠግታ ተናገረች።

«የጀልባውን ድምፅ ዐውቀዋለሁ እኮ እትዬ። መርዶ ይዘሽ እንደምትመጪ ገባኝ። ማን እንደሆነ ነው ያላወቅኩት። ሌሊቱን ሁሉንም ተራ በተራ ቀበርኳቸው። ሐናንን ቀበርኩ፣ መልሼ አወጣኋት። ጋሼንም ቀብሬው፣ የለም እሱ አይሆንም ብዬ ተውኩት።»

«ታዲያ ለምን አልደወልሽም?»

«አንቺ ያን ሁሉ አገር ዞረሽ ለእኔ ብለሽ እየመጣሽ፣ እኔ ደውዬ ከስልክ ልስማው?»



መመለስ

ለቅሶው በሦስተኛው ቀን ሲበተን በአጭሩ መንገድ፣ በፖርት አንጀለሱ ጀልባ ተመለስን። ከእንግዲህ የምንደብቀው ነገር የለም። ዘይነባ ወደ ሥራዋ ስትሄድ እስከ ወደቡ ሸኘችን፤ መኪናችን ሲገባ አይታ ወደ ሆቴሉ ተሻገረች። ከመርከቡ ላይ መስኮቶቹን አየሁ። የትኛውን እያጸዳች እንደሆነ ግን መለየት አልቻልኩም።

ኦክላንድ ቤታችን ስንደርስ በሶ የያዘው ላስቲክ ሥሩ ላይ ትንሽ ቀርቶበት ነበር። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ካለ፣ መንገድ ስመርጥ ስለ ሌላው ሰው ሌሊት አለማሰቤን ነው። ዘይነባን ከአንድ ክፉ ሰዓት ላድናት ብዬ ክፉ ሌሊት ጨመርኩባት። ሆኖም ዛሬም ቢሆን በስልክ አልነግራትም።

ባለፈው ዓርብ ሐናን ውሃው ዳር ወስዳኝ ነበር። ዘይነባ ደወለች። ስለ ጆሮዬ እየነገርኳት ከወደቡ የሚነሣው ጀልባ ጡሩምባውን ነፋ።

«የአላሜዳ ጀልባ ነው» አልኳት ቶሎ ብዬ።

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ።»

«ሐናንን ስጪኝ።»

ስልኩን ለሐናን ሰጠኋት።