በቱታ የተሮጠ ማራቶን

ሰው ከኪሱ ከፍሎ ይሮጣል ቢሉኝ፣ እዚህ አገር ሳልመጣ በፊት አላምንም ነበር። እኛ የምናውቀው ሩጫ አንድም አውቶቡስ ሲያመልጥ ነው፣ አንድም ሰው ሲያባርር። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ዳላስ አካባቢ ናርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራ ነበር። የፈረቃ አለቃዬ ፊቷ የቀላ፣ ደንደን ያለች ሴትዮ ናት፤ በየዓመቱ ከፍላ ማራቶን ትሮጣለች። ሮጣ ስትመጣ ሳምንቱን ሙሉ ታነክስና በሽተኛ ማንሳቱን ለእኔ ትተወዋለች። እሱ ሳያንስ፣ "አንቺ ኢትዮጵያዊ አይደለሽም እንዴ? ለምን አትሮጪም?" ትለኛለች። ሁለት ፈረቃ በእግሬ ቆሜ ለምውል ሴት! ኢትዮጵያዊ ሁሉ ከእናቱ ሆድ እየሮጠ የወጣ ይመስላቸዋል።

የእኛም ሰው ቢሆን ያው ነው። ዳላስ ውስጥ፣ አገር ቤት ተራ ሰው የነበረ አበሻ አጋጥሞኝ አያውቅም። ፓርኪንግ የሚጠብቀው ሁሉ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበር። ታክሲ የሚነዳው ሁሉ አውሮፕላን አብራሪ ሊሆን ትንሽ ቀርቶት ነበር። ሶ፣ ታናሽ እህቴን ሊያገባ የፈለገው ልጅ "አገር ቤት የክለብ ሯጭ ነበር" ሲባል ሳቄ ነው የመጣው። ልጁ ኤርፖርት ሻትል፣ የመንገደኛ ማመላለሻ ይነዳል፤ ሳክሲ የምትባል ትንሽ ከተማ ከጓደኛው ጋር ቤት ተጋርቶ ይኖራል። ሰው ፊት አንገቱን ደፍቶ ጫማውን የሚያይ፣ ቀጭን ነገር ነው። ይሄ ሯጭ ከነበረ እኔም ንግሥት ነበርኩ።

ወጉን ጠብቆ ሦስት ሽማግሌ ላከብኝ። አባታችን ሞቷል፤ የእህቴ አባትም እናትም እኔ ነኝ። ወደ ሱዳን ስንሰደድ ጭነት መኪናው ላይ ከጎኔ ሽጉጥ አድርጌ ያሻገርኳት፣ ካርቱም ያሳደግኳት፣ እዚህ ያደረስኳት እኔ። ከዚያ ከጭነት መኪናው ጀምሮ፣ በአውቶቡስም ሆነ በመኪና፣ ከጎኔ ሌላ ተቀምጣ አታውቅም።

ሽማግሌዎቹ ጋርላንድ ከተማ ያለው አፓርትመንታችን መጥተው፣ ነገራችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ሳሎኑ መሃል ቆሙ። ትልቁ አገር ቤት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩ ናቸው፤ አላልኳችሁም? ሌሎቹ ሁለቱ አንዱ ታክሲ ነጂ፣ አንዱ ባለ ሱቅ ናቸው። "ልጃችሁን ለልጃችን" አሉና ምርቃት የሚመስል ሙገሳ አወረዱ። ጨዋ ነው። ሠራተኛ ነው። አገር ቤት የክለብ ሯጭ ነበር። ዋይሊ አዲስ ቤት ሊገዛ ነው።

ዋይሊ! ያኔ ዋይሊ ማለት ሜዳ ላይ የፈሰሰ አዲስ ጣሪያ ነው። እህቴን እዚያ ሊወስዳት፣ እኔ እዚህ ከቴሌቪዥን ጋር ላወራ። እውነቱን ልናገር፤ ሯጭ መሆኑ አለመሆኑ አልነበረም ያንገበገበኝ። ብቻዬን መቅረቴ ነው። ግን እንዲህ ተብሎ ለሽማግሌ ይነገራል?

"አባባ፣" አልኳቸው ትልቁን፣ "ማለቴ፣ ሩጫ እንጀራ አይሆንም። ውሸት ግን ትዳር ያፈርሳል። ሯጭ ነበር ካላችሁኝ ይሩጥና ልየው። አንደኛ ይውጣ አላልኩም፤ ሯጭ ከሆነ ዓይኔ ያውቀዋል። ውሸት ከሆነ ግን እህቴን ለቀጣፊ አልሰጥም።"

አለቃዬ የምትሮጥበት ትንሽ ማራቶን ማስታወቂያው የሥራ ቦታችን ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። እሱን ነገርኳቸው። ተያዩ፣ ተንሾካሾኩ። "ይሁን፤ እኛም መጥተን እናያለን፤" አሉኝ። እህቴ ኩሽና በር ላይ ቆማ ሰማች።

ሩጫው የሚደረግበት ፓርክ ከማኪኒ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። ታሪካዊ ፓርክ ይሉታል። ታሪኩ የቱ ጋ ነው ብዬ ብዞር፣ ከግንድ የተሠሩ አራት አምስት ጎጆዎች፣ አንድ የአንጥረኛ ቤትና አንድ የተሰበረ ጋሪ። በየበሩ "እባክዎ አይንኩ" ተብሎ ተለጥፏል። አገር ቤት ሰፈራችን የነበረው የጋራ ሽንት ቤት በዕድሜ ይበልጣቸዋል፤ እሱን ግን አትንኩ ያለን የለም። ኩሬው ያምራል፤ ይሄን አልክድም። የዛፎቹ ቅጠል ቀይና ቢጫ ሆኖ ውሃው ላይ ይታያል። ሯጮቹ ግን ዓይናቸው ሰዓታቸው ላይ ነው፤ ማን ሊያይላቸው?

ሯጮች ስላችሁ ደግሞ! አንዱ ዛፍ ሊገነድስ የመጣ ይመስል ግንዱን ተደግፎ ይንጠራራል። አንዱ ጡቱ ላይ ፕላስተር ይለጥፋል። አንዷ ልጇን በጋሪ እየገፋች ተሰልፋለች፤ ልጁ ምን በደለ? ጠረጴዛው ላይ ለሁለት ለሁለት የተቆረጠ ሙዝና የፎይል ክምር አለ። ፎይሉ ምግብ የሚጠቀልሉበት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሮጦ የጨረሰውን ሰው እንዳይበርደው የሚጠቀልሉበት ነው። የተረፈ ዶሮ ይመስል! ጉድ በል አገሬ፣ አልኩ።

የእኛው ሰውዬ በቱታ መጣ። ሙሉ ቱታ፣ ዚፑ እስከ ጉሮሮው የተዘጋ።

"ሁሉ ሰው በቁምጣ ነው፤ ይሄ ምን ሆኖ ነው?" አልኳት እህቴን።

"ቁምጣውንማ ከስር ለብሶታል። አንቺና ሽማግሌዎቹ እያላችሁ በቁምጣ እንዴት ብሎ ነው እትዬ? ያፍራል እኮ።"

ሃያ ስድስት ማይል፣ ጠዋት ቢበርድም ከረፋድ በኋላ በሚጋረፈው የቴክሳስ ፀሐይ፣ አማቱ ጭኑን እንዳታይ ብሎ በቱታ የሚሮጥ ፍጡር ከእኛ ዘር ውጭ ካለ አሳዩኝ።

ፊሽካ ተነፋ። ሩጫው ፓርኩን ደጋግሞ መዞር ነው። ሽማግሌዎቹ ሱፍ በክራቫት ለብሰው፣ ሯጩ በሚያልፍበት መንገድ ዳር፣ ዛፍ ስር ተደርድረው ቆሙ። እኔና እህቴ ከአጠገባቸው ነን። የመጀመሪያውን ዙር ጨርሶ ከፊተኞቹ ጋር ብቅ ሲል አልዋሽም፣ ደንገጥ አልኩ። ከዚያ ሽማግሌዎቹን አያቸው።

ቆመ።

ሩጫውን ትቶ ጎንበስ ብሎ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ትልቁን ጨበጣቸው። እሳቸው ደግሞ እጅ ከያዙ መልቀቅ አያውቁም።

"እንደምን አደርክ ልጄ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎ እንደምን አደሩ?"

"ደህና ነህ? አልደከመህም? ቤት ሰላም ነው?"

"ኧረ ሰላም ነው አባባ።"

ሦስቱንም ጉንጭ ለጉንጭ እያገላበጠ ሳመ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሮ አንገቱን ደፋ። "እትዬ፣ ብርዱ አላስቸገረዎትም?" ይለኛል፣ ከኋላው ፈረንጅ በፈረንጅ ላይ እየተግተለተለ ሲያልፍ!

ሂድ አላልኩትም። ረጋ ብዬ "እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩት። ነገሩ ያኔ ገባኝ። ሳይቆም ቢያልፍ ሽማግሌ የማያከብር ባለጌ ነው ብዬ እመልሰዋለሁ። ከቆመ ደግሞ ሩጫው ይበላሻል፤ ሯጭ ነኝ ብሎ ዋሸ እላለሁ። በየትም በኩል ማምለጫ የለውም። ደስ አለኝ።

በሁለተኛው ዙር ሰላምታው ላይ ምግብ ተጨመረ። ትልቁ ሽማግሌ ከፌስታል ድፎ ዳቦ አውጥተው ቆረሱና "ባዶ ሆድህን ነው እንዴ የምትሮጠው? እንካ፣ በሞቴ!" አሉት። በሞቴ የተባለ ሰው ምን ያደርጋል? አፉን ከፈተ። በሦስተኛው ዙር "አንድ ጉርሻ ያጣላል" ብለው ደገሙት። ላቡ በቱታው ላይ ጥቁር ሆኖ ወጥቷል። ዳቦውን እያላመጠ፣ በአፍንጫው እየተነፈሰ፣ በዓይኑ ያመሰግናል። የእኚህ ሽማግሌ ወዳጅነት ከጠላት ይብሳል።

እህቴን በጎን አየኋት። አታለቅስም፣ አትለምነኝም። የታችኛውን ከንፈሯን ነክሳ መሬት መሬት ታያለች። ይሄን ዝምታ አውቀዋለሁ። ካርቱም እያለን ራት ሳይኖረን ሲቀር፣ እኔ እንዳልሳቀቅ "አልራበኝም" ብላ የምትቀመጠው ዝምታ ነው። ቢሆንም ፊቴን ወደ ዳቦው መለስኩ።

በዚህ መሃል የፈረቃ አለቃዬ እየተንከባለለች መጣች። እሱ አንድ ሙሉ ዙር ቀድሟታል፤ እሷ መቼ አውቃ! እኔን አየች። ከፊቴ በቱታ የተጀቦነ፣ አፉ ዳቦ የሞላ አበሻ አየች። ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ሰቅላ "ኢትዮጵያዊውን ቀደምኩት! ኢትዮጵያዊውን ቀደምኩት!" እያለች ስትጮህ መንገድ ዳር የቆመው ሁሉ አጨበጨበላት። አንዱማ ፎቶ አነሳት።

ደሜ ፈላ። ይቺን ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ልሰማት ነው? በየአልጋው እየዞረች ልትነግርብኝ?

"አንተ!" አልኩት። እስከ ዛሬ እንደዚያ ጮኬ አላውቅም። "ምን ይገትርሃል? አውልቅ ይሄን ቱታ! አውልቅና ሩጥ!"

ዳቦው አፉ ውስጥ ቀረ። "እትዬ… እዚህ?"

"እዚሁ! ወዲህ በል! እህቴን ማግባት አትፈልግም እንዴ? ሩጥ እንጂ አንተ ሰውዬ!"

ሽማግሌዎቹን አየ፣ እህቴን አየ፣ ሰማዩን አየ። ከዚያ ቱታውን ከላይም ከታችም ገፈፈና እጄ ላይ ጥሎት ሄደ። ቱታው እንደ ሙቅ ሽሮ ይተናል።

ያ ጫማውን እያየ የሚሄድ ልጅ ቀና አለ። ትከሻው ወረደ፣ ደረቱ ተከፈተ፣ እግሩ ደረቅ፣ ጅማት በጅማት። ሌሎቹ ሲያልፉ ጠጠሩ ይንኳኳል፤ የሱ ድምፅ የለውም። አለቃዬን ኩሬው ጋ ደረሰባት፣ አለፋት። እሷ ቆማ አየችው። እኔም ቆሜ አየሁት። ዓይኔ ያውቀዋል ብዬ አልነበር? አወቀው። ሯጭ ነበር። በጣም ተናደድኩ።

ከኋላዬ ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ አለቀ፤" አሉ።

"ምኑ ነው ያለቀው አባባ?"

"ጉዳዩ ነዋ ልጄ። የጨዋ ልጅ ባዕድ ወንድን ሱሪህን አውልቅ ትላለች እንዴ፣ ያውም በአደባባይ? ይሄን የምትለው ለቤት ሰው ነው። ልብሱንም ይዘሽ ቆመሻል። እህቴን አታገባም ወይ ማለትሽንም ሦስታችን ሰምተናል።" ወደ ሌሎቹ ዞሩ። "ሰምተናል አይደል?"

"ሰምተናል፤" አለ ታክሲ ነጂው።

"አሜን ነው፤" አለ ባለ ሱቁ፣ ሳይመረቅ።

ቱታውን ጥዬ "አልወጣኝም" እንዳልል ሦስት ምስክር ፊቴ ቆሟል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እህቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ መሳቋ ይሁን ማልቀሷ አልታወቀኝም። በሚቀጥለው ዙር ልጁ ሲመጣ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው እጃቸውን እያወናጨፉ "እለፍ! እለፍ! ከእንግዲህ ቤተሰብ ነህ!" አሉት። በአየር ላይ እጅ ነስቶ አለፈ።

አንደኛ አልወጣም። በየዙሩ ድፎ ዳቦ የበላ ሰው እንዴት ብሎ! ግን ከፊተኞቹ ጋር ገባ፣ የቆርኪ ታላቅ ወንድም የሚያህል ሜዳልያም አንገቱ ላይ አንጠለጠሉለት። ፎይሉን ሲሰጡት ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ? ሌላው ሰው ትከሻው ላይ ጣል ያደርገዋል። እሱ እንደ ሽርጥ ወገቡ ላይ ታጠቀው። ጭኑን ከሸፈነ በኋላ ነው ወደ እኔ የመጣው።

"እትዬ፣ ይቅርታ፣ እንደዚህ ሆኜ…" አለ።

"ዝም በል፣ ይበርድሃል፤ መኪና ግባ፤" አልኩት።

ሽማግሌዎቹ በታክሲው ሄዱ። እኔ መኪናዬን ፓርክ ያደረግኩት ከአንጥረኛው ቤት ኋላ ነበር። እሱ ከኋላ ገባ፣ በፎይሉ እየተንኮሻኮሸ፣ ላቡ ደርቆበት ጥርሱ እየተጋጨ። ሞተር አስነሳሁ። እህቴ እንደ ወትሮዋ የፊቱን በር ከፈተች። አንድ እግሯን አስገባች። ከዚያ ዞር ብላ አየችው።

እግሯን መለሰች። በሩን ቀስ አድርጋ፣ የተኛ ሰው እንዳይነቃ በሚዘጋበት አዘጋግ ዘጋችውና ከኋላ ገባች። ነጠላዋን አውልቃ ጉልበቱ ላይ ስትጥልለት በመስታወት አየሁ።

ከካርቱም መንገድ ጀምሮ ያቺ ከጎኔ ያለች ቦታ ባዶ ሆና አታውቅም። እጄን እንደ ልማዴ ቀበቶዋን ላስርላት ዘረጋሁ፤ ማንም የለም። ዘርግቼ መመለሱ አሳፈረኝ። ያን እርጥብ ቱታ ከጭኔ ላይ አንስቼ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩትና ነዳሁ።