የአባቴ መኪና የፋብሪካ ቀለም

የፖሊሽ ማሽኑን ከመኪናዋ በር ላይ ሳነሳው... ነጩ በር መሃሉ ላይ አረንጓዴ ሆኗል። የመዳፍ ያህል አረንጓዴ!

መስቀል ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው፤ ቡታጅራ፣ ወላጆቼ ግቢ ውስጥ። መኪናዋ የአባቴ ናት። እሱ ሱቁ ነው ያለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እያለሁ በብስክሌት ስገባ መሪው የሹፌሩን በር ጫረው። አባቴ በማግስቱ ብስክሌቴን ሸጠ። ሁለት ወር አላናገረኝም። እሺ፣ ልጅ ሲያጠፋ ይቀጣል። ግን ይኸው አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ መስቀል በመጣ ቁጥር ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ዘመድ ሁሉ ወደ በሩ ይወስድና ጭረቱን በጣቱ እየተከተለ ያሳያል።

«የፋብሪካ ቀለም ናት። ማንም ነክቷት አያውቅም... ከዚህ ልጅ በስተቀር» ይላል። ሰው ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ውስጤ ግን እርር ድብን ይላል።

አምና እጮኛዬን ይዤ ስሄድ ገና ሳትቀመጥ ወስዶ አሳያት! ዘንድሮ ደግሞ ወላጆቿ ለመስቀል ሊመጡ ነው። በእነሱ ፊትማ አይደገምም አልኩ።

የምሠራው ወልቂጤ ነው። ጉብሬ ላቫጆ ያለው ጓደኛዬ የፖሊሽ ማሽኑን አዋሰኝ። እንዲህ ያለ ማሽን በእጄ ይዤ ስለማላውቅ አንድ ወር ሙሉ ቪዲዮ ሳይ ከረምኩ። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው... ጀማሪ ከሆንክ ለስላሳውን ቅባት፣ ኮምፓውንድ የሚሉትን፣ ከለስላሳው ስፖንጅ ጋር ግዛ፤ ጭረቱ ጨርሶ ባይጠፋም ቀለሙ ይተርፍልሃል። ይህንን ስልኬ ላይ ጽፌ፣ መናኸሪያው አካባቢ ያለ የመኪና ዕቃ መሸጫ ገባሁ።

«ለጀማሪ የሚሆን ኮምፓውንድ አለ? ለስላሳው?» አልኩት ባለሱቁን።

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ጀማሪ ነህ? እንግዲያው ሻካራው ነው የሚሻልህ።»

«እንዴት?»

«ልምድ ያለው ሰው በለስላሳም ይሠራል። ጀማሪ ግን እጁ አያግዘውም፤ የሚያግዘው ቅባቱ ነው። ከዚህ ማሽኑ ላይ ከሚገጠመው ጸጉራም ጨርቅ ጋር ውሰደው። ስፖንጅ ዕቃ ማጠቢያ ነው፣ ተወው።»

የማይረባ ወሬ መሆኑን አውቅ ነበር። ስልኬ ላይ ተጽፏል እኮ! ግን እንደዚያ እርግጠኛ ሆኖ የሚያወራ ሰው ፊት አፌ ይተሳሰራል... ገዛሁት። በራሴ እስካሁን የምናደደው በዚህ ነው።

እና አረንጓዴውን እንዳየሁ ደረሰኙ ላይ ባለው ቁጥር ለባለሱቁ ደወልኩለት። ጎረቤት እስኪሰማ ነው የጮህኩበት።

«ቀለሙን አስበላኸኝ! ለስላሳ ስጠኝ አላልኩህም? መኪናዋ የአባቴ ናት!»

«ረጋ በል ወንድሜ። መልኳ ምንድን ነው?»

«ነጭ!»

«ከሥሩ ምን ወጣ?»

«አረንጓዴ!»

«የፋብሪካ ነጭ ከሥሩ አረንጓዴ አይወጣውም» አለኝ። «ይህቺ መኪና ድሮ አረንጓዴ ነበረች። ነጭ የተቀባችው በኋላ ነው።»

ስልኩን ዘጋሁት። ባለሱቁ ላይ የነበረኝ ንዴት የት እንደገባ እንጃ... በምትኩ በአባቴ ላይ የመጣው ግን ከእሱ የባሰ ነበር።

አባቴ ሲመጣ በሩን አየ። ይጮሃል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ዞር ብሎ ያየው ወደ ውጭው በር ነው።

«ማን አይቷል?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አባዬ... ታውቅ ነበር?»

አረንጓዴውን በመዳፉ ሸፈነው።

«ታውቅ ነበር ወይ?»

«በገዛኋት በሁለተኛው ወር አንድ ቀለም ቀቢ ነገረኝ» አለ። «ምን ላድርግ ታዲያ? ይህን ሁሉ ዓመት ጨርቅ የነገድኩ ሰው፣ የተቀባች መኪና ሸጡልኝ ብዬ ገበያ መሃል ላውራ?»

አባቴን ለማታውቁት... የተታለለ ሰው ሱቁ መጥቶ ሲያማርር «ዓይንህን ቤት ረስተኸው ነው የወጣኸው?» የሚል ሰው ነው። በነጋዴ ሰፈር መታለል ምን ያህል እንደሚያሳፍር ይገባኛል። እሺ፣ ይደብቅ! እኔ ግን ምን በወጣኝ? የኔን ጭረት ለዘመድ ባሳየ ቁጥር መኪናዋ የፋብሪካ ቀለም መሆኗን ያስመሰክር ነበር። ማስረጃው እኔ ነበርኩ!

«አሥራ ስድስት ዓመት!» አልኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ድምፄን ከፍ አድርጌበት አላውቅም። «ቢያንስ ይቅርታ በለኝ!»

«እንግዳ ሊመጣ ነው፣ ቀስ በል» ብሎኝ ወደ ቤት ገባ።

ቀለም ቤት ልውሰዳት አልኩት። ቀቢው ለከተማው ያወራል ብሎ እምቢ አለ።

የመስቀል ዕለት የእጮኛዬ ወላጆች ግቢ ውስጥ ተቀምጠው ሳለ አባቴ ከገበያ ተመለሰ። ጋቢውን በመስኮቱ አውጥቶ በሩ ላይ አንጠልጥሎ ነው ከተማውን ያቋረጠው። ሲገባም መኪናዋን በሹፌሩ በኩል ከአጥሩ ጋር አጣበቃት። ከዚያ ጉልበቱን የሚያመው የስድሳ አራት ዓመት ሰው፣ ጋቢውን ጎትቶ ሰብስቦ፣ አንድ እግሩን አሻግሮ፣ አቃስቶ... በወዲያኛው በር ወጣ።

«በሩ ምን ሆኖ ነው?» አሉ የእጮኛዬ አባት ደንግጠው።

«አልከፈት ብሎኝ ነው» አለ እያለከለከ። እኔን ቀና ብሎ አላየኝም።

ይቅርታ ከማለት በማርሽ ላይ መሻገር ቀለለው!