ከጉጌ ያልተመለሰው ታደለ

ባለፈው ሳምንት ኡራኤል አካባቢ ካፌ ቁጭ ብዬ ሳለሁ፣ የጎረቤቴ ልጅ ሳሮን ስልኳን አቀበለችኝ። «ጋሼ፣ ይሄን ተራራ ያውቁታል? ማለቴ፣ ማንም አያውቀውም እኮ! በጥቅምት ልንወጣው ነው።» ፎቶው ላይ ደመና የሸፈነው ጉጌ ነበር። አውቀዋለሁ አላልኳትም።

ጉጌ የሄድኩ ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ታደለ የካዛንቺስ አብሮ አደጌ ነው፤ መሥሪያ ቤታችንም አንድ። በጋሞ ደጋ ላይ ስላለው ስለዚህ ተራራ ከአንድ ባልደረባችን ሰማሁ። ከአዲስ አበባ ሄዶ ጫፉን የረገጠ የለም ሲባል ልቤ ተነሳ። ታደለን ወር ሙሉ ነዘነዝኩት። በመጨረሻ «እሺ በቃ፣ ብቻህን ከምልክህ» አለኝ።

ጨንቻን አልፈን፣ ጫማ በሚያወልቅ ጭቃ ሁለት ቀን ተጓዝን። ከተራራው ሥር አቶ ዳና የሚባሉ ገበሬ ትኩስ ቆጮ በዳጣ አበሉንና መንገድ ሊመሩን ተነሱ። እስከ እኩለ ቀን ፀሐይ ነበር። ጫፉ ቅርብ መስሎ ሲታየን አቶ ዳና ቆሙ።

«ልጆቼ፣ እንመለስ። ይሄ ደመና ጥሩ አይደለም።»

ታደለ ሊመለስ ፊቱን ወደ ታች አዙሮ ነበር። «አንድ ሰዓት ብቻ!» ብዬ ወደ ላይ ቀደምኳቸው። ጥለውኝ መሄድ ስላልቻሉ ተከተሉኝ።

ጫፉ ሳንደርስ በረዶ ወረደብን፤ ከዚያ ዝናብ፣ ከዚያ ጉም። በስብሰን ቋጥኝ ሥር ተጠጋን። ታደለ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ መንቀጥቀጡን ሲተው የተሻለው መስሎኝ ደስ አለኝ። «ሞቀኝ፣ ኮቴን አውልቅልኝ» አለ። አቶ ዳና ቡሉኳቸውን ደረቡለት፣ እኔ እጁን አሸሁ። ሳይመሽ ብርዱ ገደለው።

እናቱን እትዬ አስካለን ያረዳኋቸው እኔ ነኝ። ደረታቸውን እየመቱ «ማን ነው የወሰደብኝ?» ሲሉኝ፣ «እሱ ነው እንውጣ ያለው፤ ብንለምነው እምቢ አለን» አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ ስጠይቃቸው ኖርኩ። የታደለ ፎቶ ግድግዳቸው ላይ አለመኖሩን ሳይ፣ ማየቱ ከብዷቸው ነው እል ነበር። ካዛንቺስ ያለው ቤታቸው ፈርሶ አሁን ከሴት ልጃቸው ጋር ኮንዶሚኒየም ይኖራሉ። ሳሮን የተራራውን ፎቶ ባሳየችኝ ማግስት ሄጄ እውነቱን ነገርኳቸው።

«እኔ እኮ ልጄን ተቀይሜው ነው የኖርኩት» አሉ። «እናቱን ጥሎ ለድንጋይ ሞተ ብዬ። ፎቶውን ያወረድኩት ለዚያ ነው።» ከዚያ ሴት ልጃቸውን ጠርተው ፎቶውን ከሻንጣ እንድታወጣው አዘዟት። እኔን «አሁን ሂድልኝ» ብቻ አሉኝ።

የዋሸሁት ራሴን ለማዳን ነበር። ያ ውሸት በእኚያ እናት ልብ ውስጥ ይህን ሁሉ ዘመን ምን ሲሠራ እንደኖረ ግን፣ ፊታቸው ተቀምጬ ምሳቸውን ስበላ አንድ ቀን እንኳ አስቤው አላውቅም።