ጓዴ ከቤት የወጣ ሰሞን

ሣህሌ የሱቄ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ተክሎ መሥራት ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ሜትሩ አንገቱ ላይ ይንጠለጠላል እንጂ ሲለካበት ያየሁት ጥቂት ቀን ነው። ሰው ከባጃጅ ሲወርድ አየት ያደርገውና የወገቡን ቁጥር ይነግረዋል። እኔ ደግሞ ከባንኮኒው ኋላ ሆኜ ለማንም ምክር የማላጣ ሴት ነኝ። ባሏ የሚያመሽባትም፣ ልጁ ትምህርት እምቢ ያለውም፣ ሆዱን የቆረጠውም ሳሙና ሊገዛ መጥቶ ምክሩን በምርቃት ይዞ ይሄዳል። የቦንጋ ሰው «ናፊሳ ሳትጠየቅ ትመልሳለች» ሲል እሰማለሁ፤ አልዋሹም።

የሣህሌን ነገር የማወራው ግን ምክሬ ስለጠቀመው አይደለም።

ሚስቱ ላቀች ገበያ ላይ ኮሮሪማ ትሸጥ ነበር። ሳቂታ፣ ነገር የማትቋጥር፣ ለዱቤ እንኳ ስትመጣ ቀልድ ይዛ የምትመጣ ሴት። አንድ ጊዜ ዋጫ ከተማ ኮሮሪማ ልታመጣ ሄዳ ከኮሮሪማው ጋር ጆንያ ውስጥ ቡችላ ይዛ ተመለሰች። ሣህሌ መቀሱን አስቀምጦ፣ «ኮሮሪማ ብዬ ብልክሽ ውሻ ይዘሽ ትመጫለሽ?» ብሎ ተቆጣ። «ኮሮሪማው አንተ ስትቆጣ አያጽናናኝም» አለችውና ስሙን ጓዴ አለችው። ሳምንት ሳይሞላ ሣህሌ ራሱ ከካኪ ሱሪ ቅዳጅ የአንገት ማሰሪያ ሰፋለት፤ ጠርዙን ሁለት ጊዜ ደርቦ፣ ለሰው እንደሚሰፋው አድርጎ።

እኔ ውሻ አልወድም፤ አልደብቅም። ቤታችንም አይገባም። ጓዴ ይህን ያውቅ ነበር መሰለኝ፣ ከመኪናው ሥር ቀኑን ሙሉ ተጋድሞ ሲውል አንድም ቀን የሱቁን ደፍ አልፎ አያውቅም። ሲርበው እንኳ ከደፉ ማዶ ቆሞ ያየኛል እንጂ አይገባም ነበር። ከስንቱ ደንበኛዬ የተሻለ ሥርዓት ነበረው።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ ላቀች ሞተች። ኩላሊት ነው ተብሎ ጅማ ተመላልሳ፣ በሦስተኛው ጉዞ ሬሳዋ መጣ። ሁለት ሴት ልጆች ጥላለት ሄደች፦ አሥር ዓመት የሆናት አብርሆትና አምስት ያልሞላት ትሕትና። ዝናቡ ያን ሰሞን ሌትና ቀን አላባራም፤ የድንኳኑ መሬት ጭቃ ሆኖ ለቀስተኛው ሁሉ ቤት ውስጥ ገባ። የሣህሌ ቤት ወለሉ አፈር ነው። ብርዱ እንዳይዘልቃቸው ተብሎ ደረቅ ሳር ወፍራም ተደርጎ ተጎዘጎዘና ሰዉ እዚያ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። እኔም ተቀምጬበታለሁ።

በእነሱ ቤት የሐዘን ሳር እስከ አርባው አይጠረግም። የአባቱ ቤት ልማድ ነው ይላል ሣህሌ። መልካም፤ አርባው ወጣ። ሳሩ ግን አልወጣም። መስከረም ጠባ፣ መስቀል አለፈ፣ ሳሩ እዚያው ነው። አንድ ቀን ልጆቹን ልጠይቅ ገብቼ ሽታው ሲያፍነኝ፣ «አንተ ሣህሌ፣ ይሄን ሳር አታወጣም እንዴ?» አልኩት። «ላቀች የተለቀሰችበት ነው እትዬ» አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ምን ይባላል? ትቼው ወጣሁ። ጓዴም ሌላ መኝታ አልፈለገም፤ እዚያው ሳሩ ላይ ይተኛል፣ ትሕትናም እሱን አቅፋ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር። እናቷ ከሞተች ወዲህ እጇ የካኪውን ማሰሪያ ካልያዘ አትተኛም።

ዝናቡ አቁሞ ጥቅምት ሞቅ ሲል ቁንጫው ፈላ። እንዲህ ያለ ቁንጫ በዕድሜዬ አላየሁም። በር ላይ ቆመህ ነጭ ካልሲ ያደረገ እግርህን ብታስገባ፣ ሰሊጥ የተበተነበት መስሎ ይወጣል። የልጆቹ እግር ቀይ በቀይ ሆነ። የአብርሆት አስተማሪ ልጅቷ ስታክ ትምህርቷን እንዳልተከታተለች ጽፋ ላከች። አንዲት ደንበኛዬ ለስፌት የሰጠችውን ቀሚስ ከሣህሌ ወስዳ ማግስቱን ተመልሳ መጣች፤ እቤቷ የገባውን ነገር ስትነግረኝ እኔ አፈርኩለት። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ ፔዳሉን መርገጥ ብቻ ነው።

የላቀች ታላቅ እህት ዘነበች አስተማሪ ናት፤ የምትኖረው ቢታ ገነት ነው። ኅዳር መባቻ ላይ ልጆቹን ልታይ መጣች። ትሕትናን ልታቅፍ ስታነሣት ቀሚሷ ተሰበሰበና እግሯን አየች። ልጅቷን ይዛ እኔ ሱቅ መጥታ ሳሙና ገዛች፣ እዚሁ በረንዳ ላይ በባልዲ አጠበቻት። ከዚያ ወደ ሣህሌ ዞራ፣ «እህቴን ቀብሬያለሁ፤ ልጆቿን ቁንጫ ሲበላቸው ቆሜ አላይም። እስከ ገና ቤትህን አጽዳ። ካልሆነ እኔ ጋ ያድጋሉ፤ የእኔ ቤት ወለሉ ሲሚንቶ ነው» አለችው። ክፉ ሴት አይደለችም። እንባዋ እየወረደ ነበር የተናገረችው።

ሣህሌ ያን ቀን መኪናውን ሳይሸፍን ነው ወደ ቤቱ የሄደው። በሕይወቱ የቀሩት እነዚያ ሁለት ልጆች ናቸው፤ ሌላ ዘመድ የለው፣ ሌላ ሀብት የለው።

ኅዳር አሥራ ሁለት፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጥራጊውን አውጥቶ በሚያጥንበት ቀን፣ ሣህሌ ሳሩን አወጣው። በአንድ ክንድ፣ በአንድ ክንድ እየያዘ፣ ሕፃን እንደሚሸከም ሰው። እሳቱ ሲይዘው ጓዴ አጠገቡ ቆሞ ነበር። የአባታቸውን ዓይን ጢሱ ስለያዘው ነው እንባው የሚፈሰው ብዬ ለልጆቹ ነገርኳቸው፤ አብርሆት አላመነችኝም።

ሳሩ ቢቃጠልም ቁንጫው አልሄደም። የባሕር ዛፍ ቅጠል ጎዘጎዘ፤ ምንም። ወለሉን በእበት ለቀለቀ፤ ሁለት ቀን ጋብ ብሎ ተመለሰ። አንዱ ጎረቤት ለበቆሎ ጎተራ የሚረጭ መርዝ ቢያመጣለት፣ «ልጆች በሚተኙበት አልረጭም» ብሎ መለሰለት። ይህን እንኳ ደግ አደረገ። ቀኑ ግን ይሄዳል፤ ገና እየቀረበ ነው።

ይሄኔ ነው እኔ አፌን የከፈትኩት። ማንም አልጠየቀኝም። «አንተ ሣህሌ፣ ቁንጫ ከምን ይመጣል? ከውሻ። ውሻው እያለ መቶ ጊዜ ብትለቀልቅ ምን ዋጋ አለው? ወደ መጣበት ዋጫ ይመለስ፣ ትገላገላለህ» አልኩት። መቀሱን እንደያዘ ቆየ። «ላቀች ያመጣችው ነው» አለኝ። «ላቀች ልጆቿን ነው ወይስ ውሻዋን የምትመርጠው?» አልኩት። ይህን ያልኩበት አፌ አሁን ድረስ ይመረኛል።

በማግስቱ አንድ አይሱዙ ሾፌር ለምኖ ወሰደው። ትሕትና ካኪውን ይዛ አልለቅም አለች። ሣህሌ ተንበርክኮ ጣቶቿን አንድ በአንድ እያላቀቀ፣ «ለዘላለም አይደለም የኔ እናት፤ ቁንጫው እስኪለቀው ነው። ሲድን ይመጣል» አላት። ውሻው ከመኪናው ላይ ሆኖ አልጮኸም። ላቀች ከሞተች ወዲህ ሣህሌ ለእሱ የሚያወራው በካፋ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ ነበር፣ ለሚስቱ እንደሚያወራው፤ ያን ቀን ግን መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረውም። ዋጫ ለአንድ የሚያውቀው ገበሬ ሰጠውና ተመለሰ። እኔ ረክቼ ነበር። ለሁለት ሰው «እኔ ነኝ የመከርኩት» ብዬ ነግሬያለሁ።

በአራተኛው ቀን ቁንጫው ልጆቹ ላይ ወረደ። የእስካሁኑ ጨዋታ ነበር። አብርሆት ካልጋ ወርዳ እስክትወጣ እግሯ እስከ ጉልበቷ ቁንጫ ይለብስ ነበር። ትሕትና አክካ አክካ ቆሰለች፣ ቁስሏ መግል ያዘ፣ ትኩሳት ተነሣባትና ጤና ጣቢያ ወስደናት መርፌ ተወጋች። ወሬ ቢታ ለመድረስ ባጃጅ አይፈልግም። ገና ሳይደርስ ዘነበች መጣች።

ሣህሌ አልተከራከራትም። የልጆቹን ልብስ በፈላ ውኃ ቀቅሎ፣ ተኩሶ፣ አጣጥፎ ሻንጣ ውስጥ ከተተ። መናኸሪያ ድረስ አብሬ ሸኘኋቸው። አብርሆት አልቅሳ ጨረሰች። ትሕትና ግን አላለቀሰችም። አባቷ ሊስማት ሲጎነበስ ቀሚሷን ወደታች ጎትታ እግሯን ሸፈነች፣ እንዳያይባት። «ለዘላለም አይደለም» አላት፤ «እግርሽ እስኪድን ነው።» ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ሚኒባሱ ሲወጣ ሣህሌ ባዶውን ቦታ እያየ ቆሞ ቀረ፤ እጁን ይዤ ነው የመለስኩት።

በዚያው ሳምንት የእንስሳት ጤና ባለሙያው አሞጽ ባትሪ ድንጋይ ሊገዛ መጣ። እንደ ወሬ አድርጌ ነገርኩት። ድንጋዩን ባንኮኒው ላይ መልሶ አስቀመጠ። «ውሻውን ያወጣው ማን ነው?» አለኝ። «ለምን?» አልኩት። «ቁንጫው የሚበላው እሱን ነበራ! እሱ ሲሄድ ምን ይብላ? ሰው ይበላል። እንቁላሉ ያለው ወለሉ አቧራ ውስጥ፣ አልጋው ሥር ነው። ውሻውን አጥቦ፣ ከልጅቷ አልጋ ለይቶ፣ አቧራውን በየቀኑ ጠርጎ እያወጣ፣ ምንጣፉን እየቀቀለ ወር ቢታገስ ኖሮ በቃ ነበር፤ ውሻውም ልጆቹም እዚያው ይኖሩ ነበር» አለኝ። ምከረው ምከረው እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። ሣህሌ መቼ እንቢ አለኝ? እሺ ነው ያለኝ።

ወላሂ፣ ያን ዕለት ሱቁን በቀን ዘጋሁ። ቤቱ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩት። «አንድ አካፋ ይኖርዎታል እትዬ?» አለኝ። የወለሉን አፈር አንድ ክንድ ያህል ቆፈረው። እኔ ከሱቅ በኋላ እየሄድኩ በጆንያ አፈር አወጣሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ፣ ሻሼን ወገቤ ላይ አስሬ። አዲስ ቀይ አፈር አስገብቶ ደለደለ፣ ለቀለቀ። አልጋውን በፈላ ውኃ፣ ብርድ ልብሱን በፀሐይ፣ ግድግዳው ሥር ያለውን ስንጥቅ በጭቃ። ጥር ሲገባ ነጭ ካልሲ አድርጌ ወለሉ መሐል ቆምኩ። አንድም አልዘለለብኝም። ከጓሮው የዶሮ ድምፅ ይሰማል፤ ቤቱ ውስጥ ግን ሌላ ድምፅ አልነበረም።

መጀመሪያ የሄደው ዋጫ ነው፤ ጓዴን አስቀድሞ ይዞ ልጆቹ ፊት ሊቀርብ ፈልጎ። ገበሬው የተበጠሰ ገመድ አሳየው። በሦስተኛው ቀን በጥሶ ሄዷል። ሲመለስ የሚኒባሱን ረዳት ጠየቀ። ረዳቱ ያስታውሳል፦ አንገቱ ላይ ካኪ ጨርቅ ያሰረ ውሻ፣ ቦንጋ ለመግባት ሁለተኛው ኩርባ ላይ፣ የጭነት መኪና ገጭቶት ተኝቶ ነበር። ያን ሁሉ አገር በእግሩ መጥቶ ነው። ሣህሌ እዚያ ወርዶ ፈለገ። ያገኘው ማሰሪያውን ብቻ ነው።

ከጥምቀት በኋላ ቢታ ሄደ። አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ ለሁለቱም ልጆች ቀሚስ ሰፍቶ፤ ልኩን በዓይኑ አስታውሶ። «ስመለስ ሦስት ሆነን ነው» ብሎኝ ነበር። በማግስቱ ብቻውን መጥቶ መኪናው ላይ ተቀመጠ። እግሩ ፔዳሉ ላይ ነው፣ ግን አይረግጥም። ወጥቼ አጠገቡ ቆምኩ።

ዘነበች ደኅና አድርጋ ተቀብላዋለች። ቤቱ መጽዳቱንም አምናዋለች። ግን አብርሆትን እዚያ ትምህርት ቤት አስገብታታለች፤ በዓመት መካከል ሁለተኛ አላስለቅቃትም፣ ትንሿም ከእህቷ አትለይም፣ ሰኔ ላይ እንነጋገር ብላዋለች። ተናዶ ሳይሆን እንዲሁ እየነገረኝ ነበር። ቀጥሎ የትሕትናን ነገረኝ።

ትሕትና ገና ከበሩ ሲገባ ሮጣ መጥታ አላቀፈችውም። ፊቱ ቆመችና ቀሚሷን በሁለት እጇ እስከ ጉልበቷ ሰበሰበች። እግሯን ወደ ፊት፣ ከዚያ ወደ ኋላ አዙራ አሳየችው። «እየው አባዬ፣ ድኛለሁ። አንድም የለብኝም። አሁን ትወስደኛለህ?»

ሰኔ ላይ ነው አላት። እሺ አለችና ቀሚሷን ለቀቀች። ትንሽ አሰበችና፣ «ጓዴስ? እሱም ድኖ መጣ?» አለችው።

ሣህሌ ይህን ነግሮኝ ከኪሱ የካኪውን ማሰሪያ አወጣና የስፌት መኪናው ላይ አስቀመጠው። ጠርዙ ሁለት ጊዜ የተደረበው ስፌት አልተተረተረም። ቀና ብሎ አየኝ።

«ምን ልበላት እትዬ? እርስዎ ምክር አያጡም» አለኝ።

ለነገር አልነበረም፤ ከልቡ ነው የጠየቀኝ። ሱቁ ውስጥ ሁለት ሰው እየጠበቀኝ ነበር። ደፉ ድረስ ሄጄ ቆምኩ፤ የምለው አጣሁ።