ለወንድም ሦስት ቀን

አርብ ከሰዓት በኋላ ከባሌ ጋር አንሶላ አጠፍን። አብረን የሠራነው የመጨረሻው ሥራ ይኸው ነው። ጠዋት ያሰጣሁት አንሶላ ላይ ነፋሱ ቀይ አቧራ ስላራገፈበት ደግሜ አጥቤው ነበር። እሱ ሁለቱን ጫፍ ያዘ፣ እኔ ሁለቱን፤ ሳብ ሳብ አድርገን ወደ መሃል ተራመድን። ጫፎቹ ሲገናኙ አንድ ጣት ያህል ተዛነፉ።

«የጠራዥ አስተጣጠፍ ይሄ ነው?» አለኝ።

«የተዛነፈው ባንተ በኩል ነው።»

«እኔ አታሚ ነኝ። ማጠፍ የናንተ የሴቶቹ ሥራ ነው።»

እንደገና ዘርግተን አጠፍነው። አሁንም አልገጠመም። ይብቃን ብዬ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተትኩት።

በማግስቱ ቅዳሜ፣ በዚህ በሶማሌዎች አገር የሥራ ሳምንቱ የመጀመሪያ ቀን፣ እንደ ሁልጊዜው እሱ ቀድሞ ከቤት ወጣ። እኔ ቀጥሎ በሚመጣው ሚኒባስ ነው የምሄደው። የምንሠራው አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው። የምንነሳውም ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር ከተከራየናት አንዲት ክፍል ነው። ግን አንድ መኪና ላይ ተሳፍረን አናውቅም። ምክንያቱ የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ነው፤ ስታፍ ሩል ይሉታል። ባልና ሚስት በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይቀጠሩም ይላል። አብረን ከታየን ያስታውቅብናል ብለን ተለያይተን እንሄዳለን።

ትዳራችንን ደብቀን የገባን እንዳይመስል። እሱ በኦፍሴት አታሚነት ከገባ በኋላ የጥረዛ ክፍሉ ሰው ጠፋበት። መጽሐፍ በክር መስፋት የምትችል ሴት አልተገኘችም። እኔ ደግሞ ሙያውን የተማርኩት ደሴ ነው። እሱ «ሚስቴ ትችላለች» ብሎ ሲያመለክት የያኔው ሥራ አስኪያጅ እስክሪብቶውን እንደያዘ ጠየቀው።

«ሚስት ከሆነች ደንቡ አይፈቅድም። እህት ከሆነች ይፈቅዳል። ምን ትሁን?»

ባሌ እስክሪብቶውን አየ። ሥራ አስኪያጁ ጽፎ ጨረሰ። እኔ እህቱ ሆንኩ።

መጀመሪያ ላይ እንስቅበት ነበር። የወረቀት መጋዘኑ ሠራተኛ፣ ሚስቱ የሞተችበት ደህና ሰው፣ አንድ ቀን ባሌን ማሽኑ አጠገብ ለብቻው ጠራውና እህትህን ስጠኝ አለው። ባሌ ማታ ቤት ገብቶ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ «ስንት ግመል ልበለው?» አለኝ።

«ምን አልከው?»

«ጠባይዋን አታውቀውም፣ እኔ ወንድሟ ሆኜ አልቻልኳት አልኩት።»

ሰውየው ግን ለወራት የቢሮ ሻይ ሲመጣ የኔን ብርጭቆ ራሱ ያቀብለኝ ነበር። ባሌም ማሽኑ ሥር ጎንበስ ብሎ ያላየ ይመስላል። ሳቁ ያኔ አለቀ። በገዛ ባሌ ፊት ሌላ ሰው ሲያባብለኝ፣ እሱም ወንድሜ ስለሆነ ሲታገስ፣ ሻዩን ሳልጠጣ እመልሰው ጀመር። ይህን ሁሉ የጻፈልን ሥራ አስኪያጅ በአጠገባችን ሲያልፍ ፈገግ ይል ነበር። አንዱ ከአለቃ ጋር ሊከራከር ሲሞክር «አንተ ፋይልህ ንጹህ ነው?» ይለዋል። ለኛ ይህን ተናግሮ አያውቅም። መናገር አላስፈለገውም፤ ባሌ ተጨማሪ ሥራ እምቢ ብሎ አያውቅም ነበር።

ተለማማጆቹ የሚላኩት ወደ እሱ ነበር። የደንቡ ሌላ ገጽ ስለነሱ ነው፦ በመጀመሪያው ዓመት ተለማማጅ ማሽን አይነካም። ሮለር በጋዝ ያጥባል፣ ወረቀት ይሸከማል፣ ተጣብቆ የመጣውን ወረቀት እያራገበ ያላቅቃል። ባሌ ግን ሥራ አስኪያጁ ዞር ሲል እጃቸውን ይዞ ቀለሙን ያስከፍታቸው ነበር። እነሱም በሶማሊኛ «አደር» ይሉታል፤ አጎቴ እንደማለት ነው። እኔን «ኤዶ» ይሉኛል፣ አክስቴ። ልምምዱን የጨረሰ ደግሞ አስተማሪው ቤት ሄዶ ምሳ ይበላል። ይህ ደንብ ውስጥ የለም፤ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ልማድ ነው አሉን።

እንዲህ ሆኖ ነው ያ ሰው ቤቴ የገባው። ዛሬ ሁለተኛው ፎቅ ላይ የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊ ነው። ያኔ ቀጫጫ ተለማማጅ ነበር፤ ቀለም ሲቀላቅል ሸሚዙን የሚያበላሽ፣ ማሽኑ ሲጮህ የሚደነግጥ። ባሌ በጣም ደክሞበታል። ለአታሚነት ባይሆንም ዘመዶቹ ለቢሮ አበቁት። ምሳውን የበላ ዕለት ከአንዲቷ ክፍላችን መሃል ተቀምጦ፣ ከኋላው አንድ አልጋችን ተነጥፎ፣ ሩዙን በፍየል ሥጋ በልቶ ሲጨርስ ባሌን ቀና ብሎ አየው።

«አደር፣ ሚስትህ እጇ ይባረክ» አለ።

ሁላችንም ሰማን። እኔ ሰሃኑን አነሳሁ። ቅዳሜ ቢሮ ስንገናኝ «ኤዶ፣ ወንድምሽ ደህና ነው?» አለኝ። ፊቱ ላይ አንዲት ነገር አልተንቀሳቀሰችም።

ወደዚያች ጠዋት ልመለስ። ሚኒባሴ ወደ መሃል ከተማ ስትወርድ ድልድዩ ጋ ሰው ተሰብስቦ አየሁ። ከፊታችን የሄደው ሚኒባስ ቆሟል፤ አንድ ሰው መሬት ላይ ተጋድሟል፤ የሰው እግር ስለከለለው አይታየኝም። አጠገቤ ያለችው ሴት «ልቡ ነው ይላሉ» አለች። እኔ «አላህ ይርዳው» አልኩ። ሾፌራችን በጎን አለፈ። ማተሚያ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ፤ መርፌዬ ውስጥ ክር አስገባሁ። በሰውየው ኪስ ውስጥ በተገኘው መታወቂያ ወደ ማተሚያ ቤቱ ተደውሎ ሰዎች ወደ ጥረዛ ክፍል ሲመጡ የሰፋሁት ግማሽ መጽሐፍ ነበር።

«ኤዶ» አሉኝ፣ «ወንድምሽ።»

በደንቡ አብረን በአንድ መኪና መሳፈር ቢፈቀድልን ኖሮ ራሱን ጭኔ ላይ አድርጌ ነበር። 

በዚያው ቀን ተቀበረ። ያገሬ ልጆች፣ ከዳሚና ከመሐመድ ሞጌ ሰፈሮች የመጡ የቀን ሠራተኞች፣ ድንኳን ተከሉልኝ። የቤት አከራዬ አሮጊት ሶማሌ ናቸው፤ ነጭ ልብስ ይዘውልኝ ገቡ። እኛ ዘንድ ጥቁር ነው፤ እዚህ ባሏ የሞተባት ሴት ዒዳዋን፣ የሐዘን ጊዜዋን፣ እስክትጨርስ ነጭ ትለብሳለች።

«ልበሺው ልጄ» አሉኝ። «ያየሽ ሁሉ ማን እንደሞተብሽ ሳይጠይቅ ያውቃል።»

በሦስተኛው ቀን የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊው መጣ። ድንኳኑ ውስጥ ፋቲሃ አንብቦ ሻይ ጠጣ፤ ስኳር ጨምሩልኝ ብሎ ሁለተኛ ጠጣ። ከዚያ በር ላይ አስጠራኝ። አከራዬ አብረውኝ ወጡ።

«አላህ ይርሐመው። ነገ ትገቢያለሽ አይደል፣ ኤዶ? ሥራ ተከምሯል።»

«ዒዳ ላይ ነኝ። አራት ወር ከአሥር ቀን ነው፤ ታውቃለህ።»

ስልኩን እያየ መለሰልኝ። «ፋይልሽ ወንድም ነው የሚለው። የወንድም ፈቃድ ሦስት ቀን ነው። ደንቡ ብቻ አይደለም፤ ሃይማኖታችንም ከባል በቀር ለማንም ከሦስት ቀን በላይ ማዘን አይፈቅድም።»

«ከባል በቀር አልክ።»

«አዎ። አንቺ እኛ ጋ ባል የለሽም።»

አከራዬ አማርኛ አያውቁም፤ እሱ ግን የሚያወራው በሶማሊኛ ነበር። ምራቃቸውን ወደ ጎን ተፉ።

«እዚህ ቤት በልተሃል» አልኩት። «አልጋው ስንት ነበር?»

«እሱን አታንሺው። ለራስሽ ብዬ ነው። ሚስቱ ነኝ ካልሽ ዋሽታ ተቀጠረች ትባያለሽ፣ ከሥራ ትወጫለሽ። እሱም ዋሸ ይባላል። የሞተ ሰው ስም ለምን ይነሳል? ቀን ሥራሽን ሥሪ፣ ስትገቢ ቤትሽ እዘኚ። ማን ይከለክልሻል?»

ሲሄድ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተሰናበተኝ። የጠጣበትን ብርጭቆ አጠብኩት፤ እንደገና አጠብኩት፤ በመጨረሻ ለሌላ ሰው ላቀርብበት ስለቀፈፈኝ ጣልኩት። የጠላሁት ቁጣውን አይደለም፤ አልተቆጣምና። የጠላሁት የነቢዩን ቃል እንደ ማኅተም አንስቶ ወረቀቱ ላይ መምታቱን ነው።

ያለኝ ሌላ ገቢ አልነበረም። ከሥራ ከወጣሁ የቤት ኪራዩን ከየት እንደማመጣ አላውቅም። ከገባሁ ደግሞ ባለቀለም ልብስ ለብሼ፣ እህት ሆኜ፣ ከማሽኑ ድምፅ ማዶ ልቀመጥ ነው። መስጊዱ ያለውን ኡስታዝ አስጠየቅሁ። ለከባድ ጉዳይ ቀን ቀን መውጣት ይቻላል አለ።

በአራተኛው ቀን ነጩን ልብስ ለብሼ ማተሚያ ቤት ሄድኩ።

ዘበኛው አይቶኝ በሩን ከፈተና አንገቱን ደፋ። የጥረዛ ክፍል ሴቶች መርፌያቸውን አስቀመጡ። አንዷ መጥታ አቀፈችኝ፣ ጆሮዬ ላይ «እኛማ እናውቅ ነበር» አለችኝ። ያጽናናኛል ብላ ነው። ያን ሁሉ ዘመን «ወንድምሽ ምሳ በላ?» ስትለኝ የኖረችው እሷ ናት። ክንዷ እስኪላቀቅ ጠበቅሁ።

ኃላፊው ከፎቅ ወርዶ መጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የዒዳ ልብስ።»

«ለማን?»

«ለባሌ።»

ወደ ሴቶቹ አየ፤ ሴቶቹ ወደ ወረቀታቸው አዩ። «ወደ ቢሮ እንውጣ፣ ኤዶ። እዚህ አይወራም።»

«ወንድምሽ ሞተ ተብሎ የተነገረኝ እዚህ ነው። እዚሁ አስተካክለው።»

«ምን ብዬ?»

«ሚስቱ ናት ብለህ ጻፍ።»

«ከጻፍኩ ነገ አትገቢም።»

«ዛሬም የመጣሁት ልሠራ አይደለም።»

ጻፈ። እጁ ሲጽፍ ፈጣን ነው። ደንብ ተላልፋ በመገኘቷ ይላል፤ ተላልፋ ያለው እኔን ብቻ ነው፤ እህት ብሎ የጻፈው ሥራ አስኪያጅ በክብር ጡረታ ወጥቷል። ግን የትዳር ጓደኛ በሚለው ቦታ ላይ የባሌ ስም ገባ። በማሽኑ ላይ አዲስ ሰው ቆሟል፤ ሮለሩ ይዞራል፤ ማንም አላቆመውም። በዋናው በር ወጥቼ ቤቴ ገባሁ።

ዒዳዬን ሳላጎድል ቤቴ ተቀምጬ ጨረስኩ። አከራዬ እስክጨርስ ድረስ ስለ ኪራይ አላነሱብኝም።

አሁን በዚያችው ክፍል የመድረሳ ልጆች የገነጣጠሏቸውን ቁርኣኖች በክር እየሰፋሁ እጠርዛለሁ።