ከአውራ ጎዳናው ማዶ

ምክር ቤታችን ልጆች ጤናማ እንዲበሉ ብሎ ከትምህርት ቤት አራት መቶ ሜትር ሳይርቅ የጥብስ ሱቅ እንዳይከፈት ከለከለ። አንድ ዶሮ ጠባሽ ታዲያ ከተከለከለው ወሰን ዐሥር ሜትር አለፍ ብሎ፣ ከአውራ ጎዳናው ማዶ ከፈተ። ልጆቹ ወደዚያ ሲጎርፉ መኪና እንዳይበላቸው፣ ያው ምክር ቤት ተማሪ የምታሻግር አንዲት ሴት መንገዱ ላይ አቆመ።

በዚህ በማያባራ የእንግሊዝ ካፊያ ቢጫ ካፖርቷን ለብሳ ትቆማለች። የግራ እግሯን ሁለት ጣቶች የስኳር በሽታ ወስዶባታል። እያነከሰች መሀል መንገድ ትገባና የ«ቁም» ምልክቷን ታነሳለች፤ አውቶቡሱ ቀጥ ይላል።

«እለፉ፣ የኔ ፍቅሮች!»

ሲመለሱ ጣታቸውን እየላሱ ያሾፉባታል። «እማማ፣ አንድ የዶሮ ክንፍ ይቅመሱልን!»

«ዞር በሉ፣ ሆዳም ሁላ!» ብላ ትስቃለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች፦ «እኔ እንደሆነ የታዘዝኩት ከመኪና እንዳድናችሁ ብቻ ነው።»