አባቴ እንግሊዝኛ ያስተማራት ልጅ

የበግ ጠጉር ባና ዝናብ ሲያገኘው የሚሸተውን ሽታ ታውቂው እንደሆነ እንጃ። እርጥብ በግ እርጥብ በግ ይላል፤ ትንሽ ደግሞ ጭስ ጭስ ይላል። ባለፈው ሳምንት እዚሁ መካነ ሰላም ዝናቡ ድንገት መጣና አጥር ላይ ያሰጣሁትን የአባቴን ባና ሳላነሣው ደረሰበት። ሮጬ ሳነሣው ሽታው ፊቴን ሲለኝ ባለሁበት ቆምኩ። ባናውን እንደታቀፍኩ፣ ውሃው በቀሚሴ ላይ እየወረደ፣ በአፌ ምን እያልኩ እንደነበር ብነግርሽ ትስቂብኛለሽ። «ራን ሮጠ፣ ራን ፈሰሰ፣ ራን አስተዳደረ» እያልኩ ነበር።

ራን እንግሊዝኛ ነው። ሮጠ ማለት ነው ተብለን ተማርነው፤ ኋላ ስናየው ያልሆነው ነገር የለም። አንቺም ተምረሽዋል፣ ታውቂዋለሽ።

አባቴ መሪጌታ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ቅኔ ሲያስተምር ኖረ እንጂ ከእንግሊዝኛ አንዲት ፊደል አይለይም። እኔ አሥረኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት ግን እንግሊዝኛ አስተማረ። ተማሪዎቹ እኔና አንዲት ጓደኛዬ ነበርን። እኔን እንኳ ምራቂ አድርገሽ ቁጠሪኝ፤ ተማሪዋ እሷ ነበረች።

የጨው ነጋዴ ልጅ ናት። ቤታቸው ከመስጊዱ በታች፣ የኛ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ሆኖ፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው ያደግነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትስቅ አፏን በሻርፗ ጫፍ የምትሸፍን ልጅ ነበረች። የዚያን ዓመት አባቷ ቁርጡን ነገራት። «ማትሪክ ካለፍሽ ትማሪያለሽ። ከወደቅሽ ከአክስትሽ ልጅ ጋር ዓረብ አገር ትሄጃለሽ።» ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። በሰፈሩ ቆርቆሮ ቤት የሚሠራው እዚያ በሄዱ ሴት ልጆች ነበር፤ ደላላውም ቤታቸው ድረስ እየመጣ ሻይ ይጠጣ ነበር። እሷ የምትፈልገው ነርስ መሆን ነው። ሌላ ነገር ስትመኝ ሰምቻት አላውቅም። ሒሳቡም ሳይንሱም አያቅታትም፤ የሚያስፈራት እንግሊዝኛው ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እኛ ግቢ፣ ነፋስ በማያገኘው በቤቱ ጀርባ፣ አጎዛ ላይ ተቀምጠን ከትምህርት ቤት የተዋስነውን ሽፋን የለሽ መዝገበ ቃላት እናገላብጣለን። አባቴ ወዲያ ግድግዳውን ተደግፎ ዳዊት ይደግማል። ጓደኛዬ አንድ ገጽ ላይ ደርሳ ዝም አለች፤ ቀና ብዬ ሳያት ታለቅሳለች።

አባቴ ዳዊቱን አጠፈ። «ምነው ልጄ፣ ምን አገኘሽ?»

«አንድ ቃል ነው የኔታ። ቃሉ አንድ ሆኖ ትርጉሙ ገጹን ሞላው። የቱን ልያዝ?»

አባቴ ፈገግ አለ። እንዲህ ደስ ሲለው ያየሁት አንዳንድ ጊዜ ብቻ ነው። «አብሽሪ፤ ይኸማ ግስ ነው። በኛ ቤት አንድ ግስ ፍቺው ሲበዛ ደስ ይለናል እንጂ አናለቅስም። ነይ ጠጋ በይ።»

እንዲህ ተጀመረ። በቅኔ ቤት ግስ በወረቀት አይያዝም። መምህሩ ያወርዳል፣ ተማሪው ይቀበላል፤ አንዱ ፍቺ በቃል ሳይያዝ ሁለተኛው አይነገርም። እኔ ከመጽሐፉ አነብለታለሁ፣ እሱ በወጉ ይደረድረዋል፣ እሷ ዓይኗን ጨፍና ትለዋለች። ራን ሮጠ። ወንዝ ሲሆን ፈሰሰ። ሞተር ሲሆን ሠራ። ሱቅ ሲሆን አስተዳደረ። መኪና ሲሆን ተመላለሰ፣ እንደ ደሴ ሚኒባስ። ምርጫ ሲሆን ተወዳደረ። ልብስ ሲሆን ቀለሙን ለቀቀ። አፍንጫ የሚለው ላይ ስንደርስ አባቴ «ንፍጥም ይሮጣል?» ብሎ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። «ምነው እነዚህ እንግሊዞች፣ አንዲት በቅሎ ይዘው የአገሩን ጭነት ሁሉ ለሷ!»

ወሬው ወጣ። አንድ ጎረቤታችን ቄስ በበሩ ሲያልፉ «መሪጌታ፣ ፈረንጅኛ ጀመሩ አሉ፤ ለዚያውም ለሴት ልጆች» ብለው በነገር ወጉት። «የርስዎንም ልጅ ይላኳትና ለሷም እነግራታለሁ» አላቸው። ቄሱም ሳቁ፤ ልጃቸውን ግን አልላኩም።

አንድ ሕግ ነበረው። «ያላጣራሽውን አትሻገሪ» ይላታል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።» የያዘችው ከጠፋባት አያስታውሳትም፣ አይቆጣትምም፤ ይጠብቃታል። ፀሐይዋ ከገብሱ ማሳ ላይ ለቃ ትሄዳለች፣ የደጋው ብርድ ይወርዳል፣ እሱ ባናውን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ይጥልላትና አሁንም ይጠብቃል። እኔ አንዱ ሲያቅተኝ ወደ ሌላው እዘላለሁ፤ «አንቺ ፍየል ነሽ፣ ከቅጠል ቅጠል» ይለኛል። እሷ እንደ ፍየል አልነበረችም። ተቀምጣ፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ ከጠፋበት ፈልጋ ታመጣዋለች። ስታገኘው ድምጿ ውስጥ የሚሰማው ደስታ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ደስ የሚል ዘመን ነበር፤ ደስ የሚል መሆኑን ግን ያን ጊዜ ማን አወቀው።

በዓመቱ አጋማሽ እንግሊዝኛ ከክፍሉ አንደኛ ወጣች። አስተማሪያችን ማመን አቅቶት ፈተናውን ለብቻዋ ደግሞ ሰጣት፤ ደገመችው። ማትሪኩ ሲደርስ ይኸው አስተማሪ ሁላችንንም ሰብስቦ «ያቃታችሁን እየዘለላችሁ ሥሩ፤ ኋላ ትመለሱበታላችሁ፤ ሰዓቱ አይጠብቃችሁም» አለን። እኔም ሰማሁ፣ እሷም ሰማች።

የፈተናው ዕለት ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነበር። ከየገጠሩ በእግራቸው የመጡ ልጆች ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ በር ላይ ቆመዋል። አባቴ እስከ መንገዱ ሸኘን። ለሁለታችንም እኩል መረቀን፣ ለእሷ የገብስ ቆሎ በእጇ አስጨበጣትና «አትቸኩይ» አላት። ሌላ ነገር አላላትም።

አዳራሹ ውስጥ ቆርቆሮው ፀሐይ ሲያገኘው ጠ... ጠ... ይላል፤ ከዚያ በቀር የእርሳስ ድምፅ ብቻ ነው። እኔ እየዘለልኩም እየተመለስኩም ጨረስኩ። ቀና ስል እሷን ከፊቴ ባለው ረድፍ አቀርቅራ አየኋት። እርሳሷ አይንቀሳቀስም። የምትጽፍበት እጇ ጭኗ ላይ ነው። ጉንጯ በጎን ይታየኛል፤ ከንፈሯ ያለ ድምፅ ያነበንባል። ገባኝ። ግስ እያወረደች ነው። ሳልኩ፤ ፈታኙ ዞሮ አፈጠጠብኝ። እሷ አልሰማችኝም። ከዚያ ደወሉ ተደወለ።

ውጭ ከባሕር ዛፉ ሥር አገኘኋት።

«ራን መጣ» አለችኝ።

«ታዲያ እሰይ አትይም?»

«የጉድጓዱ ውሃ ራን ድራይ ይላል ምንባቡ፤ ድራይ ደግሞ ደረቅ ነው። እኛ ለውሃ የያዝነው ፈሰሰ ነው። የፈሰሰ እንዴት ይደርቃል? ከያዝነው ውስጥ አንድ በአንድ ፈለግሁ። አንዱም አልሆን አለኝ።»

«ዘለሽ አታልፊውም ነበር?»

«ሳላጣራው?» አለችኝ። ስረቂ ያልኳት ይመስል ነው ያየችኝ። «ከዚያ በኋላ ያለውን ገልጬም አላየሁት» አለች። የወረቀቱ እኩሌታ ባዶ ነበር።

ከዚያ እጄን ያዘችኝ። «ለየኔታ እንዳትነግሪያቸው። ወላሂ፣ ከነገርሻቸው ሁለተኛ አላናግርሽም።»

ውጤት ሲመጣ እኔ አለፍኩ። እሷን እንግሊዝኛው ጎትቶ ጣላት፤ ለጥቂት። መስከረም ሳይወጣ ሻንጣዋን ይዛ ልትሰናበተን መጣች። አባቴ «ምን ነካሽ ልጄ?» አላት። «ዕድሌ ነው የኔታ» አለችው። እጁን ራሷ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። በበነጋው ጠዋት በአቀስታ በኩል በሚያልፈው ሚኒባስ ሄደች፤ እኔም ልሸኛት ወጥቼ መኪናው ኮረብታውን እስኪዞር ቆሜ ቀረሁ።

እኔ ይኸው ተምሬ እዚሁ ተመልሼ አስተማሪ ሆንኩ። በየዓመቱ ፈተና ሲደርስ ልጆቹን «ያቃታችሁን ዝለሉ» እላለሁ፤ ሦስቴ አራቴ እደግመዋለሁ። ልጆቹ መናገሬን የረሳሁ ይመስላቸዋል።

አባቴም አልረሳትም። ምሳ እየበላን ድንገት ጉርሻውን ይይዝና «ያቺ ልጅ እንዴት ወደቀች? ካንቺ ትሻል ነበር እኮ» ይለኛል። «እሱስ አዎ» እለዋለሁ። ምን ልበለው? ቃል አስገብታኛለች። እንግሊዝኛ ለማንም ማስተማሩን ግን በዚያው ተወ። አንድ ሁለት ልጆች መጥተው ለምነውት ነበር፤ «እኔ የማላውቀውን ነገር» ብሎ መለሳቸው።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ለዕረፍት መጣች። ወፍራለች፤ እጆቿ በረኪና በልቷቸው ተሰነጣጥቀዋል። የአባቴ ዓይን እየደከመ ስለሆነ መልኳን አልለየውም፤ ገና «የኔታ» ከማለቷ ግን ማን እንደሆነች አወቀ። ጉልበቱን ሳመች። ያመጣችለትን ለስላሳ ብርድ ልብስ ትከሻው ላይ ደረበችለት። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ እናቷ ጤና ተጨዋወቱ። ከዚያ አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ሳልሞት ልወቀው። ያን ጊዜ ፈተናው ላይ ምን ሆነሽ ነው? እኔ ያስተማርኩሽ ነው ያሳሳተሽ?»

እኔ ዓይን ዓይኗን ማየት ጀመርኩ።

«ኧረ የኔታ» አለችው፣ «አሞኝ ነበር እኮ። ራሴን ፈልጦኝ ፊደሉ አልታይ ብሎኝ። እርስዎ ባያስተምሩኝማ ጭራሽ ምንም አላመጣም ነበር።»

«አሞሽ ነው?»

«አሞኝ ነው።» ወላሂ ከአፏ የማይለያት ልጅ ወላሂ አላለችም።

«ተመስገን» አለ አባቴ። ከዚያ ራሱን ያዘ። «መታመምሽንስ ተመስገን አልልም። ግን... ተመስገን።»

ወደ መናኸሪያው ስሸኛት ተናደድኩባት። «ለምን ዋሸሽው?» አልኳት።

«እና ልንገራቸው? አሁን ምን ያደርግላቸዋል?» ሻርፗን አስተካክላ ቀጠለች። «የገዛ አባቴ እንኳ ቁጭ ብሎ ምን ተማርሽ ብሎኝ አያውቅም። የኔታ ናቸው ቁጭ አድርገው ያስተማሩኝ። እዚያ የማስታምማት አንዲት አሮጊት አለች፤ ሌሊት ተነሥቼ ሳገላብጣት አንዳንዴ ነርስ ሆንኩ እላለሁ። ከዚያ እስቃለሁ።» አልሳቀችም። እኔም ከዚህ በኋላ አልተናደድኩም፤ አልቅሼ ተመለስኩ።

ቤት ስገባ አባቴ እንደተውኩት ተቀምጧል።

«እውነት አሟት ነበር?» አለኝ።

«አዎ አባዬ።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪ ሲቀጽል፣ የያዘውን በቃሉ ሲወጣ ሰምቻለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «በትክክል ያልያዘ ልጅ ድምፁ ከፍ ይላል። ድምጿ ከፍ አለብኝ።»

ብርድ ልብሱን ትከሻው ላይ አስተካከልኩለት። እሱም ሌላ አልጠየቀኝም። ዓይኑን በነጠላው ጫፍ ጠረገና «እንዳትነግሪያት» አለኝ። «ያመንኳት ይምሰላት።»

አሁን ዓርብ ዓርብ ትደውላለች። ስልኩን ጆሮው ላይ እይዝለታለሁ። ስለ ሁሉም ይጠያየቁና በመጨረሻ ሁልጊዜ «ያ ሕመምሽስ? ተመልሶ መጣብሽ?» ይላታል።

«ኧረ ድኛለሁ የኔታ፣ አልሐምዱሊላህ» ትለዋለች።

«ተመስገን» ይልና ስልኩን ይመልስልኛል።